«ልጄ፣ መኪናሽን ከመጋዘኔ በር ላይ አንሺልኝ»

ሐምሌ ለእኛ ለሂሳብ ሠራተኞች ዋናው ወቅታችን ነው። ሰኔ 30 ቆጠራው ያልቃል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነጋዴው መዝገቡን ታቅፎ ይመጣል። ነባር ደንበኞቼን ግን እኔው ራሴ ሄጄ ነው የማገኛቸው። ሰነዱ ያለው እነሱ ጋ ነዋ። ከፊሉ በሣጥን፣ ከፊሉ በፌስታል፣ የቀረው ደግሞ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ።

እዚህ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ አባት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ለአምስት ዓመት ሂሳባቸውን ሠርቻለሁ። ያን ቀን አዲሷን መኪናዬን በሩ ፊት ለፊት አቁሜ ወረድኩ። ጋሼ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በጤፍ ብናኝ ነጥቷል። ሰላም ስላቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። ዓይናቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ መኪናዋ ላይ ነው። ጎማዋን አዩ። ጣሪያዋን አዩ። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ሱቆች ቃኙ።

«ያንቺ ናት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ የእኔ ናት።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እግዜር ይባርክልሽ።» ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ መኪናሽን ከመጋዘኔ በር ላይ አንሺልኝ» አሉኝ።

ክው አልኩ። ግን አነሳሁ። ራቅ አድርጌ አቆምኳትና በዚያ ጭቃ ተመልሼ መጣሁ። ምን አጠፋሁ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንቺማ ምን አጠፋሽ። ያቺን መኪና እዚህ ቆማ ያየ ሰው የእኔ ናት ነው የሚል። አይደለችም ብዬ ለማን ላስረዳ?» አሉኝ።

የጋሼ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የ2009ን ክረምት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። ዓመታዊ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ ሀ ነበር። ከ500 ሺህ ጀምሮ 1 ሚሊዮን ያልሞላው ደረጃ ለ፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ሐ። ደረጃ ሐ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። ግብሩ የሚሰላው በግምት ነበር። በ2009 ገማቾች የቀን ገቢ ለመገመት ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ግምት ደግሞ የሚጀምረው ከዓይን ነው። ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ኩንታል ተደረደረ፣ በር ላይ ምን ቆመ። ያን ክረምት በብዙ ከተሞች ነጋዴው ግምቱ በዛብኝ ብሎ ጮኋል። ጋሼም ከጮኹት አንዱ ነበሩ። መዝገብ መያዝ የጀመሩት፣ እኔንም የፈለጉኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ጋሼ እንግዲህ የሰው ዓይን ውስጥ ላለመግባት ሲጠነቀቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የቤታቸውን የቆርቆሮ አጥር መቀየር አቅቷቸው አይደለም። አይፈልጉም። እኔ ደግሞ ቀይ ራቭ ፎር አምጥቼ በራቸው ላይ አቆምኩባቸው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ስለሚጠይቁኝ ነው። ቢሮ የከፈተ መሐንዲስ፣ ፈቃድ ያወጣ ጠበቃ፣ እንደ እኔ ሂሳብ የሚሠራ። «ጥሩ መኪና ብይዝ ደንበኛ ያከብረኛል? ሥራ ይመጣልኛል?» ይሉኛል። እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

መኪናዋን የገዛኋት በ2014 ነው። ከዚያ በፊት የነበረችኝ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ከአዘዞ ስመለስ ዳገቱ ላይ ስለምትሞቅ የውኃ ጀሪካን ከኋላ አይጠፋም ነበር። በክረምት አንዱ በር ውኃ ያስገባል። ከደንበኛ የተቀበልኩት የደረሰኝ ጥራዝ ሁለት ጊዜ ረጥቦብኛል። ስለዚህ መኪና መቀየሬ ቅብጠት አልነበረም። ቀይ መሆኗ፣ ጣሪያዋ ላይ መስታወት መኖሩ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ሆኜ በእግሬ እየተመላለስኩ የተመኘኋት መኪና ናት። ደስታዬን አልደብቅም።

ገንዘቡ የመጣው ከሦስት ቦታ ነው። ከፒያሳና ከአራዳ ነጋዴዎች ጋር ሳምንታዊ እቁብ ነበረኝ። ስጥል ስጥል ቆይቼ ዕጣው ወጣልኝ። ዲኤክሷን ሸጥኩ። የጎደለውን ተበደርኩ። ሌላ ምስጢር የለውም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በእቁቡ ውስጥ ያሉ ደንበኞቼ መኪናዋን ሲያዩ እልል አሉ። አንዷ ሱቋ በር ላይ ቡና አፍልታ ፈንዲሻ በተነችባት። «ያንቺን ለኛም ያድርግልን» ብለው መረቁኝ። አንድም ሰው ፊቱን አላጠቆረብኝም። ዕጣው ሲወጣልኝ አይተዋል፤ ዋስ ጠርቼ ስፈርም አይተዋል። ከእቁቡ ውጭ ያሉት ግን ያዩት መኪናዋን ብቻ ነው። ትናንት ዲኤክስ፣ ዛሬ ራቭ ፎር። መሃል ላይ ያለውን አያውቁም። የማያውቁትን ክፍተት ደግሞ ሁሉም በየራሱ ግምት ሞላው።

ግምቱ ሦስት ዓይነት ነበር።

የመጀመሪያው «ዋጋ ጨምራለች» የሚል ነው። አራዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ ከኔ ጋር በዋጋ ተከራክራ አታውቅም። ያን ዓመት ገና ሥራውን ሳልጀምር፣ «እታለም፣ እኔኮ ያንቺን ዋጋ አልችልም» አለችኝ። የምን ዋጋ? ያው የዓምናው ነው። አንድ ብር አልጨመርኩም። እሷ ግን መኪናዋን አይታ ሂሳቡን በልቧ ጨርሳለች። ሱቋ ውስጥ ጥለቱን እያጠፈች አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም። እንዳፈረች ገባኝ። ለመኪና መግዣ የከፈለችልኝ ያህል ተሰምቷታል፤ ይህን ደግሞ ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል። በዚያ ዓመት ሌላ ሰው ጋ ሄደች።

ነጋዴ የመኪና ዋጋ ያውቃል፤ ይህን አትርሱ። በእኛ አገር መኪና የሚነዳ ንብረት ነው። በ2012 በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጥሏል። በሌላ አገር ለደመወዝተኛ የምትሆን መኪና እዚህ ስትደርስ የአንድ ቤት ዋጋ ታወጣለች። ስለዚህ አንድ ነጋዴ መኪናሽን ሲያይ ቀለሟን አይደለም የሚያየው። ስንት ሚሊዮን እንደሆነች፣ አንቺ ከእሱ ስንት እንደምትቀበይ፣ ስንት ደንበኛ ቢኖርሽ ይህን እንደምትገዢ ነው የሚያሰላው።

ሁለተኛው ግምት ከዚህ ይከፋል። «ከግብር ሰዎች ጋር ትሠራለች» ተባለ። ይህን ለማንም የሂሳብ ባለሙያ አልመኝም። እኛ የሰው ምስጢር ነው የምንይዘው። ነጋዴ ሽያጩን፣ ዕዳውን፣ የባንክ ደብተሩን ለእኔ ይገልጥልኛል። ሚስቱ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ። ያ ሰው «ምስጢሬን ለማን እያቀበለች ይሆን?» ብሎ አንዴ ከጠረጠረ በቃ። ስልክ ማንሳት ይተዋል። «ልጄ ሂሳብ ተምሯል፣ እሱ ይሥራው» ይላል። በዚያ ዓመት ሦስት ነባር ደንበኞች እንዲህ እያሉ ሄዱብኝ። አንዳቸውም ምክንያቱን አልነገሩኝም። ወሬውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከስንት ወር በኋላ።

ሦስተኛው ሴት በመሆኔ የመጣ ነው። «ማን ገዝቶላት ይሆን?» ይህን የሰማችው እናቴ ናት፣ ጽዋ ማኅበር ላይ። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና ምንም አልበላ አለች። አንጀቴን በላው። እኔ በምሠራበት ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ወንድ ባለሙያ በዚያው ዓመት ከእኔ የምትበልጥ መኪና ገዝቷል። እሱን የሚጠይቁት «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብለው ነው። እህቶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ መኪና አትግዙ ለማለት አይደለም። ጥያቄው እንደሚመጣ ቀድማችሁ እወቁ፤ ሲመጣ አንገታችሁን አትድፉ።

ደግሞ መልካሙንም መናገር አለብኝ። መኪናዋ ሥራ አምጥታልኛለች። ከውጭ አገር ተመልሶ ሆቴል የሚሠራ አንድ ሰው ገና ሲያየኝ ቁም ነገር ማውራት ጀመረ። በኋላ ሲነግረኝ፣ ከእኔ በፊት ያነጋገራቸው ሁለት ባለሙያዎች በባጃጅ መጥተው ነበር። «ባጃጅ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ሂሳብ ይዘው ያውቃሉ ወይ ብዬ ተጠራጠርኩ» አለኝ። አሁንም ደንበኛዬ ነው፤ ጥሩ ከፋይ ነው፤ ደረሰኙን አሟልቶ ነው የሚያመጣው። ለእሱ መኪናዬ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሆነችለት። ስህተት ነው ልበል? እኔን አያውቀኝም፤ የሚያውቅልኝ ሰውም እዚህ የለውም። ባየው ፈረደ።

ሌላው በመኪናዋ የመጣው ግን የግንባታ ሥራ ያለው ሰው ነው። ቢሮዬ ገብቶ፣ በሩን ራሱ ዘግቶ፣ «እንዳንቺ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። መኪናሽን ሳይ ሰው እንደምታውቂ ገባኝ» አለኝ። የፈለገው ሁለት መዝገብ ነው፤ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለግብር። የሚከፍለኝ ገንዘብ ብድሬን በአንዴ ይጨርስልኝ ነበር። አልሠራም ብዬ ሸኘሁት። ሲወጣ የገረመው መልኩ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ቀልዴን አልነበረም የመሰለው፤ ዋጋ ለማስጨመር ነው የመሰለው። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። ታማኙን ሰው ያባረረችብኝ መኪና ይህን ሰው ጠርታልኛለች። ተጠንቀቁ፤ በመኪና የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጎንደሬ በሚነዳው ሰውን መለካት ዛሬ አልጀመረም። በአገራችን ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ግንብም የዞብል መቃብር ናት ትባላለች፤ ዞብል ፈረስ ነው። ልጅ ሆኜ ጥምቀት ላይ አባቴ እያሳየኝ ይህን ሲነግረኝ ለፈረስ መቃብር መሠራቱ ይደንቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈረሱም ባለፈረሱም ይታወቁ ነበር። በየት ውጊያ እንደዋለ፣ ማን እንደሸለመው ሰዉ ያውቃል። የእኔን ፈረስ ግን ከእቁብተኞቼ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ሲገባኝ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ ጋሼ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። በባጃጅ። ቡና እየጠጣን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እቁቡን፣ የዲኤክሷን ሽያጭ፣ ብድሩን። «የእቁቡ ዳኛ ማነው?» አሉኝ። ስሙን ስነግራቸው ሳቁ። የጥንት ወዳጃቸው ነው። «አይ ልጄ! ይህን ያን ቀን አትነግሪኝም ነበር?» አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ ሳይ እኔም እፎይ አልኩ። ለካ ስለ ራሳቸው በር ብቻ አልነበረም የተጨነቁት፤ ስለ እኔም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለቀሩት ነባር ደንበኞቼ ሁሉ ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ጓደኛዬ «የግል ጉዳይሽን ለምን ትዘከዝኪያለሽ?» አለኝ። በሌላ ሙያ ይሆን ይሆናል። በሰው ገንዘብ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን የራሱ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ቢታወቅለት ይጠቀማል። መዘክዘክ አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እቁብ ወጣልኝ፣ የጎደለውን ተበደርኩ» ማለት ብቻ።

ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ዋጋዬን በጽሑፍ አደረግሁት። ቀድሞ በቃል ነበር የምንስማማው። አሁን ዓመቱ ሳይጀምር ምን ሠርቼ ስንት እንደምቀበል በአንድ ገጽ ጽፈን እንፈራረማለን። ለተቀበልኩት ሁሉ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። የዓምናውና የዘንድሮው ዋጋ ጎን ለጎን ሲታይ መኪናዋ በመሃል የምትናገረው አይኖራትም። የልብስ ነጋዴዋ በ2015 የተመለሰችው በዚህ ነው። ወረቀቱን ለጎረቤቷ ሠርቼ አይታው ነው የመጣችው።

ሦስተኛ፣ ገበያ ውስጥ በመኪና መግባት ተውኩ። ፒያሳ አቁሜ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ሰነድ ከበዛ ባጃጅ እይዛለሁ። ይህን ያደረግሁት በጋሼ ምክንያት ብቻ አይደለም። በእግር ስሄድ ከሰው ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ፤ በየሱቁ «ነይ እስኪ ይህን እይልኝ» የሚል አይጠፋም። መስታወት ዘግቼ ሳልፍ ይህን አጥቼው ነበር።

እንደ ሙያው ይለያያል። ሐኪም ጓደኛዬን ብጠይቃት፣ በሽተኛ የሚያየው ጋውኗንና እጇን ነው፤ በምን እንደመጣች የጠየቃት የለም። መሐንዲስ በመስክ ጠንካራ መኪና ከሌለው ሥራውም አይሄድ፤ ፒካፕ ቢይዝ ማንም አይከፋውም፣ የሥራ ዕቃው ነው። የጠበቃው ነገር ግን ወደ እኔ ይጠጋል። ከደምቢያ ወይም ከደባርቅ በመሬት ክርክር የመጣ ገበሬ ለጠበቃ ለመክፈል በሬውን ሸጦ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የጠበቃውን መኪና ሲያይ በሬውን ነው የሚያየው። የከተማ ባለሀብት ደግሞ ያንኑ መኪና አይቶ «ይህ የሚረታ ጠበቃ ነው» ይላል። ስለዚህ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ደንበኞቻችሁን አንድ በአንድ አስቧቸው። በየትኛው በር ላይ ነው የምታቆሙት?

መኪናዋን በ2016 ሸጥኳት። በደንበኛ ምክንያት አይደለም፤ ያ ችግር እየቀለለ ነበር። ያን ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለከል፣ አገር ውስጥ የነበሩት ዋጋቸው ጨመረ። ብድሩን ዘግቼ የሚተርፍ አገኘሁ። ደግሞ ጊዜው ከበደ። እገታ የከተማው ሁሉ ጭንቀት ሆነ። የምታበራ መኪና ይዞ አምሽቶ መግባት እናቴን በር ላይ ማቆም ሆነብኝ። ብርማ ቪትዝ ገዛሁ።

መቀነስም የራሱ ወሬ አለው። የሆቴሉ ሰውዬ ገና ሲያያት፣ «ምነው፣ ሥራ ቀዘቀዘ እንዴ?» አለኝ። ለእሱም አስረዳሁት፤ በስንት እንደሸጥኩ፣ ብድሬን እንደዘጋሁ። «እኔም እንዲህ ባደርግ ይሻለኝ ነበር» አለና የወሩን ደረሰኝ አቀበለኝ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት በሳምንቱ ነው። ቪትዟን ከመጋዘኑ ራቅ አድርጌ አቆምኩና ገባሁ።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ በበሩ እያዩ።

«የእኔ ናት ጋሼ። ያችኛዋን ሸጥኳት።»

«በስንት?»

ነገርኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ የእቁቡን ለብቻ፣ የብድሩን ለብቻ፣ የወለዱን ለብቻ። «አትርፈሻል» አሉኝ። ከዚያ ከጆንያው ላይ ተነስተው፣ ልብሳቸውን እያራገፉ ወደ በሩ ወጡ።

«ምን ርቀሽ ታቆሚያለሽ? ወደዚህ ጠጋ አድርጊያት። አይሱዙው ሊገባ ነው፣ እንዳይገጫት» አሉኝ።